ማታ ማታ እየጠፋ የሚነሳ የጣሪያ ሬዲዮ፤ ኃይሉን የት ጋ እንለካው?

ጦሳ ሥር (ደሴ) | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። ደሴ ነኝ፤ የአንድ ትምህርት ቤት ኔትወርክ እይዛለሁ። ሁለት ግቢ አለን። አንዱ ታች አስፋልቱ ዳር ነው። ሌላው ወደ ጦሳ ከፍ ብሎ ነው ያለው። የሚያገናኛቸው በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ጥንድ ሬዲዮ ነው። ቀን ቀን ምንም አይለውም። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምሮ ግን የላይኛው ሬዲዮ ይጠፋል፣ ይነሳል፣ ደግሞ ይጠፋል። 3 ሰዓት ሲያልፍ ይረጋጋል። ማታ ቤተ መጻሕፍት ገብተው የሚያጠኑ የ12ኛ ክፍል ልጆች አሉን፤ ኢንተርኔቱን የሚፈልጉት ልክ በዚያ ሰዓት ነው።

ዕቃው ይህን ይመስላል። 24 ቮልት፣ 0.5 አምፔር አዳፕተር፤ ፓሲቭ ፒኦኢ ነው፤ ማለትም ኃይሉ ከዳታው ጋር በዚያው የኔትወርክ ኬብል ይሄዳል። ከአዳፕተሩ ጣሪያው ላይ እስካለው ምሰሶ ድረስ ወደ 70 ሜትር ኬብል አለ። አዳፕተሩን ከኬብሉ ነቅዬ ስለካው 24.1 ቮልት ይሰጣል። ያየው ሁሉ «ኃይሉ ደህና ነው፣ ሬዲዮው ነው የሞተው፣ ቀይሩት» ይለናል። የሬዲዮ ዋጋ አሁን የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ከመግዛታችን በፊት ምን ምን እንይ?

የወልድያው | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

አብሽር ወንድሜ፣ ሬዲዮው ላይ ገና አትፍረድ። መጀመሪያ አንድ ነገር ለይልን። ሬዲዮው ራሱ ነው የሚጠፋው ወይስ ሊንኩ፣ የሁለቱ ሬዲዮ ግንኙነት፣ ብቻ ነው የሚቆረጠው? ታች ቢሮ ተቀምጠህ ስታየው ሁለቱም አንድ ይመስላሉ። ሊንኩ ሲመለስልህ የሬዲዮውን ገጽ ክፈትና አፕታይሙን፣ ማለትም ሳይጠፋ የቆየበትን ጊዜ፣ እይ። ከዜሮ ከጀመረ ሬዲዮው ጠፍቶ ነው የተነሳው። ቀናት ሲቆጥር የቆየ ከሆነ ግን ኃይሉ ደህና ነው። ያኔ የተጨናነቀ ቻናል ወይም ንፋስ ያዞረው አንቴና ፈልግ።

አፕታይሙ ዜሮ ቢሆንም በቀጥታ ወደ ኃይል አትሂድ። ኤርኦኤስ የሚባለውን ሶፍትዌር የሚጠቀሙ ሬዲዮዎች ፒንግ ዋችዶግ የሚባል ነገር አላቸው። የሰጠኸው አድራሻ ለፒንግ፣ ለ«አለህ ወይ?» ጥያቄ፣ አልመልስ ካለ ሬዲዮው ራሱን ሪስታርት ያደርጋል። ያ አድራሻ መብራት ሲሄድ አብሮ የሚጠፋ ራውተር ከሆነ፣ ጤነኛው ሬዲዮ ሲወድቅ ሲነሳ ያመሻል። እሱን አጥፋውና እይ። ሬዲዮው ሚክሮቲክ የሚባለው ኩባንያ ሥራ ከሆነ ሎጉ፣ የሆነውን የሚመዘግብበት ቦታ፣ ይነግርሃል፤ በወጉ ሳይዘጋ መነሳቱን፣ ምናልባትም ኃይል ተቋርጦበት እንደሆነ ይጽፋል። ብዙዎቹ ሞዴሎች የሚደርሳቸውን ቮልት ሄልዝ የሚለው ቦታ ላይ ያሳያሉ።

ጦሳ ሥር (ደሴ) | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡10

ዋችዶጉ ድሮውንም ጠፍቶ ነው ያለው። አፕታይሙ ግን በየደቂቃው ከዜሮ ይጀምራል። አሁን ይህን ስጽፍ እንኳ ጠፍቶ ተነሳ። እንግዲህ የሚጠፋው ራሱ ሬዲዮው ነው።

የኮምቦልቻ ኤሌክትሪሺያን | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡50

ልጄ፣ ያ 24.1 ምንም አይነግርህም። ሸክም ያልያዘች አህያ ሁሉ ጠንካራ ናት። አዳፕተሩን ነቅለህ ስትለካ አምፔር አይሄድም። አምፔር ካልሄደ ኬብሉ ላይ የሚወድቅ ቮልት የለም። የደከመ አዳፕተርም ድካሙ አይታይም። መለካት ያለብህ ሬዲዮው እየሠራ ነው፤ ሬዲዮው ባለበት ጫፍ ነው፤ ችግሩ በሚመጣበት ሰዓት ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ቁጥሩን አትመነው።

ሰዓቱን ስትነግረኝ ግማሹን መልስ ሰጥተኸኛል። ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ የሚጥድበት፣ ምድጃ የሚለኩስበት ሰዓት ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3 ኪሎዋት እና ከዚያም በላይ ይበላል። በአንድ ትራንስፎርመር ላይ ስንቱ ቤት እንዳለ አስበው። ከመስመሩ ጫፍ ያለ ሰው 220 የሚባለውን በዚያ ሰዓት አያገኘውም። የግቢያችሁን ሶኬት ማታ ለካው።

ሬዲዮው ጋ ለመለካት እንዲህ አድርግ። ግድግዳ ላይ የሚገጠመውን የኔትወርክ ጃክ ግዛ። ከጀርባው አጭር ኬብል ስምንቱንም ገመድ አስገባበትና በሌላው ጫፍ አርጄ 45፣ የኔትወርክ ኬብል መሰኪያውን፣ ምታበት። ከታች የመጣው ኬብል ጃኩ ውስጥ ይሰካል፤ አጭሩ ኬብል ሬዲዮው ላይ ይገባል። የጃኩ ጀርባ ላይ ያሉት ብረቶች ስለሚታዩ የመልቲሜትሩን ጫፍ እዚያ ትነካለህ። ሰማያዊውና ነጭ በሰማያዊው፣ ማለትም 4 እና 5፣ ፖዘቲቭ ናቸው። ቡናማውና ነጭ በቡናማው፣ 7 እና 8፣ ኔጋቲቭ ናቸው። ግን አደራ፣ ማታ ጣሪያ ላይ እንዳትወጣ። ቀን ገጥመህ ከጃኩ ሁለት ቀጭን ሽቦ ወደ ክፍል አውርድ። ቮልት ለመለካት የሚወርድ ሽቦ አምፔር ስለማይሸከም ቢቀጥንም አይዋሽም።

ሐይቅ ዳር | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡30

ጋሼ የጻፉት በሙሉ ትክክል ነው። እኔ ስለ ኬብሉ ልጨምር። አሁን ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ርካሽ ኬብል መዳብ አይደለም፤ አሉሚኒየም ላይ መዳብ የተቀባ ነው። አንዱን ክር በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርገው። ውስጡ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው። ካርቶኑም ሲያነሱት ይቀላል።

ለዳታ ብቻ ከሆነ በአጭር ርቀት ይሠራ ይሆናል። ለኃይል ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። ንጹሕ መዳብ የሆነ ካት 5 ኬብል፣ ሁለት ሁለት ገመድ ተጣምሮ ሲሄድና ሲመለስ፣ በ100 ሜትር ከ8 እስከ 9 ኦም ገደማ ይይዛል። ያንተ 70 ሜትር መዳብ ቢሆን 6 ኦም አካባቢ ነው። በአሉሚኒየም ከ9 ኦም በላይ ይሆናል። ክሩ ከመደበኛው የቀጠነ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ያልፋል።

ሰኞ ገበያ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡15

ለምን ታደክሙታላችሁ? ኃይል ካነሰው 48 ቮልት ኢንጀክተር፣ ኃይል ኬብሉ ላይ የሚለቅ አዳፕተር፣ ስጡት። ርቀት ላይ 48 ይሻላል፣ ይኸው ነው።

ሐይቅ ዳር | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡40

ወንድሜ፣ እባክህ ይህን ምክር አንሳው፤ አንብቦ የሚሞክረው ሰው ይኖራል። ርቀት ላይ 48 ይሻላል ያልከው እውነት ነው፤ ግን ለ48 ለተሠራ ሬዲዮ ነው። 802.3ኤኤፍ የሚባለው መደበኛ ፒኦኢ መጀመሪያ ጫፉ ላይ 25 ኪሎ ኦም የሚያሳይ መሣሪያ መኖሩን ያጣራል። ካላገኘ ኃይል አይለቅም። ፓሲቭ የሚባለው ግን ምንም አይጠይቅም። ልክ ሲሰካ ይለቃል። 24 ቮልት ለሚበላ ሬዲዮ ፓሲቭ 48 ከሰጠኸው የመግቢያው ክፍል ይቃጠላል። ላፕቶፕም ቢሆን የኢንጀክተሩ ፒኦኢ የሚለው ቀዳዳ ላይ አትሰኩ። ለላፕቶፕ ላን የሚለው ነው።

ጦሳ ሥር (ደሴ) | ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡55

ጋሼ እንዳሉት ጃኩን ቀን ገጠምኩት። ሁለቱን ሽቦ ምሰሶው ሥር ባለው ክፍል አወረድኳቸው። አዳፕተሩ ጋም እንዲሁ ጃክ ገጠምኩ፤ አምፔሩንም አንዱን መስመር ቆርጬ ለካሁት። ያገኘሁት ይህ ነው።

ቀን 8 ሰዓት ላይ፦ ሶኬቱ 214 ቮልት። አዳፕተሩ ጋ 23.6፣ ሬዲዮው ጋ 20.1፣ አምፔሩ 0.35።

ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ፦ ሶኬቱ 168 ቮልት። አዳፕተሩ ጋ 18.6 ድረስ ይወርዳል። ሬዲዮው ጋ 13.6፣ አምፔሩ 0.5። ከዚያ ሁሉም ነገር ይጠፋል፤ የአዳፕተሩ መብራትም ብልጭ ብልጭ ይላል። ቀጥሎ ከ23 በላይ ይዘልና ሬዲዮው መነሳት ይጀምራል።

ኬብሉን ፋቅኩት። ውስጡ ነጭ ነው።

የኮምቦልቻ ኤሌክትሪሺያን | ዓርብ፣ ከምሽቱ 4፡30

ጎሽ! እንዲህ ያለ ልኬት ይዞ የመጣ ሰው ማገዝ ደስ ይላል። ቁጥሮችህን አብረን እናንብባቸው፤ ሌላውም ይማርባቸዋል።

ቀን ኬብሉ ላይ የወደቀው 3.5 ቮልት ነው። ለ0.35 አምፔር ስታካፍለው 10 ኦም። ማታ 5 ቮልት ወደቀ። ለ0.5 ስታካፍለው እሱም 10 ኦም። ስለዚህ ኬብሉ ቀንም ማታም ያው ነው፤ መጥፎነቱ አልተለወጠም። የተለወጠው አዳፕተሩ ነው።

አሁን ደግሞ ሬዲዮው የበላውን ዋት አስላ። ቀን 20.1 በ0.35፣ 7 ዋት። ማታ 13.6 በ0.5፣ 6.8 ዋት፤ ያው ነው በለው። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሬዲዮው ውስጥ ቮልት የሚቀንስ ሰርኪዩት አለ። የሚፈልገው ዋት ስለማይቀንስ፣ ቮልት ሲያንስበት አምፔር ይጨምራል። አምፔር ሲጨምር ኬብሉ ላይ የሚወድቀው ቮልት ይበዛል። እሱ ሲበዛ ሬዲዮው ደግሞ ተጨማሪ አምፔር ይጠይቃል። እንዲህ እየተሳሳቡ የአዳፕተሩ ልክ የሆነው 0.5 አምፔር ላይ ይደርሳሉ። አዳፕተሩ ራሱን ለማዳን ይዘጋል። ሬዲዮው ሲጠፋ ሸክሙ ይነሳለታል፣ ቮልቱ ይመለሳል፣ ሬዲዮው ይነሳል። ምሽቱን ሙሉ ይህ ነው የሚዞረው። ሬዲዮህ ምንም አላጠፋም።

አንድ ጥያቄ ይቀራል። የአዳፕተሩ ጀርባ ላይ መግቢያው ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል። ታዲያ 168 ለምን አቃተው? አዲስ ሳለ አያቅተውም ነበር። ውስጡ ያሉት ኮንዴንሰሮች ከሙቀቱ ብዛት ሲደርቁ የመያዝ አቅማቸውን ያጣሉ። መግቢያው ሙሉ ሲሆን ድካማቸው ይሸፈናል፤ መግቢያው ሲወርድ ይጋለጣል። ማታ ብቻ የሚጠፋውም ለዚህ ነው። ከፍቼ ልየው እንዳትል፤ ትልቁ ኮንዴንሰር ከሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

24 ቮልት 1 አምፔር የሆነ አዳፕተር ግዛ። አምፔሩ ቢበልጥ ሬዲዮውን አይጎዳም፤ የሚፈልገውን ብቻ ነው የሚወስደው። ቮልቱ ግን ያው ይሁን።

መቅደላ ማዶ | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2፡20

በጣም ጥሩ ትምህርት ነው፤ አላህ ይስጥልን። እኛ ጋ ያለው ሬዲዮ መብራት በሌለበት ተራራ ላይ ነው። በሶላርና በአንድ 12 ቮልት ባትሪ ይሠራል። ሬዲዮው ከ10 እስከ 28 ቮልት ይቀበላል ስለተባለ ከባትሪው በቀጥታ በኔትወርክ ኬብል ሰጠነው። በጋውን ደህና ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጉም ሲጫነን ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ይጠፋል። ባትሪው ገና 11.8 እያለ ነው። የጋሼ ስሌት ለእኛም ይሠራል ማለት ነው?

የኮምቦልቻ ኤሌክትሪሺያን | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ለእናንተማ ብሶ ነው የሚሠራው። ያንኑ 7 ዋት በ12 ቮልት ለመስጠት የ24ቱን እጥፍ አምፔር ያስፈልጋል። ስለዚህ በዚያው ኬብል ላይ የሚወድቀው ቮልትም እጥፍ ነው፤ ካላችሁ ቮልት አንጻር ሲታይ ደግሞ አራት እጥፍ። ባትሪው 11.8 ሲል ሬዲዮው ጋ ከ10 በታች ይደርሳል። ከባትሪው አጠገብ 12ን ወደ 24 የሚያሳድግ ኮንቨርተር ግጠሙ። ከኬብሉ በፊት ይሁን፤ ጣሪያ ላይ ወስዶ መግጠም ጥቅሙን ያጠፋዋል።

የወልድያው | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3፡25

በዚሁ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ሁለት ባትሪ በተከታታይ አገናኝቶ 24 ማድረግም ይቻላል፤ ነገር ግን ሶላሩ በደንብ ሲሞላው እስከ 28.8 ቮልት ይወጣል። 28 ላይ ለሚያበቃ ሬዲዮ ይህ አደጋ ነው። ያኔም ቮልቱን 24 ላይ የሚያረጋ ኮንቨርተር መሐል ይግባ።

ጦሳ ሥር (ደሴ) | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15

አዲሱን አዳፕተር ገጠምነው። ምሽቱን ሳይጠፋ አለፈ፤ ልጆቹም ሲያጠኑ አመሹ። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ግን ትናንት ዝናብ ሲጥል ሌላ ነገር አየሁ። ሬዲዮው አይጠፋም፤ አፕታይሙ ይቆጥራል። ላኑ፣ በኬብሉ የሚሄደው ዳታ፣ ግን ይቆረጣል፣ ይመለሳል፤ ፍጥነቱም ከ100 ወደ 10 ሜጋቢት ይወርዳል። ዛሬ ጠዋት ደሴ ጉም በጉም ሆና ሳለም እንዲሁ ነበር። ፀሐይ ሲወጣ ተስተካከለ። ይህም ከኃይሉ ነው?

ሐይቅ ዳር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡50

ሬዲዮው ጋ ያለውን አርጄ 45 ነቅለህ በእጅ ባትሪ እየው። 4 እና 5 ቁጥር ላይ አረንጓዴ ነገር ካለ ውሃ ገብቷል ማለት ነው። እርጥበትና ዲሲ ኃይል ሲገናኙ ፖዘቲቩ ነው ቀድሞ የሚበላው። ስለዚህ ሌሎቹ ፒኖች ንጹሕ መስለው እነዚያ ሁለቱ ተበልተው ታገኛቸዋለህ። ከ4 እና ከ5 አንዱ ቢበጠስ ሬዲዮው በቀረው ብቻ ይሠራል፤ የዚያ ወገን ኦም ግን እጥፍ ይሆናል። የተበላው ዝቃጭ ወደ ጎረቤት ፒን ሲደርስ ደግሞ 3 እና 6 ላይ ያለው ዳታ ይረበሻል። ያየኸው የፍጥነት መውረድ ያንን ይመስላል።

ጫፉን መልካም መዳብ እስክታገኝ ቁረጠውና አዲስ አርጄ 45 ምታ። ሬዲዮው ላይ ቀዳዳውን የሚዘጋው ክዳን በቦታው ይኑር። ኬብሉ ወደ ሬዲዮው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ዞሮ ይውጣ፤ በላዩ የሚወርደው ውሃ እዚያ እጥፋቱ ሥር ይንጠባጠባል፤ ወደ ማገናኛው አይደርስም። ልባሱም በፀሐይ የተሰነጠቀ ከሆነ ውሃው በውስጡ ተጉዞ ይመጣልና የቤት ውስጥ ኬብል ውጭ አይቆይም።

ቦሩ ሜዳ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡20

ጣሪያ ላይ ከወጣህ አይቀር ኧርዙንም፣ ወደ መሬት የሚወርደውን መስመር፣ እይ። እኛ ከፍታ ላይ ነው ያለነው፤ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ነው፤ በክረምት መብረቁ ቀልድ የለውም። በቀጥታ ባይመታም፣ ቅርብ ሲወድቅ 70 ሜትር ኬብል ላይ የሚፈጥረው ቮልት ላን ፖርቱን ይበላዋል። ኃይል አለ፣ መብራቱ በርቷል፣ ላኑ ግን ሞቷል፤ ይህን ያየ ሰው መብረቅን ይጠርጥር። ለምሳሌ ምሰሶው ሥር የራሱን የኧርዝ ብረት ቅበርለት።

የኮምቦልቻ ኤሌክትሪሺያን | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡45

ቦሩ ሜዳ፣ ሐሳብህ ጥሩ ነው፤ አንድ ነገር ግን ይጨመርበት። ምሰሶው ሥር የተቀበረው ብረት ከሕንፃው ኧርዝ ጋር በወፍራም ሽቦ ይገናኝ። ለየብቻ ከተተዉ መብረቅ ሲወድቅ በሁለቱ መካከል ትልቅ የቮልት ልዩነት ይፈጠራል፤ ያ ልዩነት የሚያልፍበት መንገድ ደግሞ ያው የኔትወርክ ኬብሉ ነው። ድንገት የሚመጣ ከፍተኛ ቮልት የሚያግደው ሰርጅ መከላከያም ኧርዝ ከሌለው የታሸገ ሳጥን ብቻ ነው። ብዙ ግቢ ሄጄ ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ ኖሮት ሦስተኛው ከምንም ጋር ያልተገናኘ አግኝቻለሁ። አዲስ መከላከያ ከመግዛት በፊት እሱ ይታይ።

ጦሳ ሥር (ደሴ) | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡30

ሐይቅ ዳር፣ እህቴ፣ እንዳልሽው ነው። 4 ቁጥር በአረንጓዴ ተሸፍኗል፤ 5 ቁጥር ግማሹ የለም። ጫፉን ቆርጬ አዲስ መታሁ። ኧርዙን የሕንፃው ኤሌክትሪሺያን ቅዳሜ ይመጣበታል።

አሁን የቀረኝ ኬብሉ ነው። 70 ሜትር ንጹሕ መዳብ የውጭ ኬብል ጠየቅን፤ ዋጋው ለእኛ ከባድ ነው። በአሉሚኒየሙ እስከ መስከረም ብንቆይ ችግር አለው?

የወልድያው | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡55

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ለልኬት ሁለቱን ሽቦ ያወረድክበት ምሰሶው ሥር ያለው ክፍል፣ ሶኬት አለው?

ጦሳ ሥር (ደሴ) | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡00

አለው። ከዚያ እስከ ሬዲዮው 15 ሜትር ቢሆን ነው።

የወልድያው | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡10

በቃ፣ ኬብል አትግዙ። አዳፕተሩ የግድ ታች ስዊቹ አጠገብ መሆን የለበትም። ከታች እስከዚያ ክፍል ባለው 55 ሜትር ላይ ዳታ ብቻ ይሂድ። አዳፕተሩን ክፍሉ ውስጥ አስቀምጠው፤ ላን የሚለው ከታች የመጣውን ይቀበላል፣ ፒኦኢ የሚለው ወደ ጣሪያ ይወጣል። ጠቅላላው ከ100 ሜትር እስካላለፈ ድረስ ዳታው ግድ የለውም። ኃይሉ ግን 15 ሜትር ብቻ ይጓዛል። አቅም ከተገኘ ያቺን 15 ሜትር ብቻ ንጹሕ መዳብ፣ የውጭ ኬብል አድርጓት፤ ፀሐይና ዝናብ የሚያገኛትም እሷው ናት። ዩፒኤስ ካላችሁ እሱንም እዚያው አስቀምጡ።

የኮምቦልቻ ኤሌክትሪሺያን | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡40

ይህ ከሁሉም የተሻለው መፍትሔ ነው። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሶኬት ማታ ስንት ቮልት እንዳለው ብቻ ቀድመህ ለካ፤ የውስጥ መስመሩ ቀጭን ከሆነ ሌላ ነገር ሊወጣ ይችላል። አዳፕተሩንም ቆርቆሮው ሥር እንዳታስጠጋው፤ ሙቀቱ አዲሱንም ያደርቀዋል።

ጦሳ ሥር (ደሴ) | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡20

አዳፕተሩን አዛወርነው። ኬብሉ ለጊዜው ያው አሉሚኒየሙ ነው፣ 15 ሜትሩ ብቻ። የዛሬ ምሽት ልኬት፣ 1 ሰዓት ከ40 ላይ፦ የክፍሉ ሶኬት 171 ቮልት። አዳፕተሩ ጋ 23.8፣ ሬዲዮው ጋ 23.2፣ አምፔሩ 0.3። ዝናብ እየጣለ ነው፤ ላኑ 100 ላይ ነው፤ አፕታይሙም ካዛወርነው ጊዜ ጀምሮ እየቆጠረ ነው። የታችኛው ግቢ አዳፕተርም ከዚህኛው ጋር አብሮ የተገዛ ስለሆነ ነገ ማታ እሱን በዚሁ ጃክ እለካዋለሁ፤ ቁጥሩን እዚሁ አመጣላችኋለሁ።